ለሙያ ተማሪ የነጋዴው በር፤ ከዋጫ ገበያ እስከ ቦንጋ

የትምህርት ነገር የመምህራንና የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አነጋገር በየሱቁና በየመጋዘኑ ይሰማል። ይሁን እንጂ ይህንኑ የሚናገር ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን አስተካክሎ የሚይዝለት ጸሓፊ ሲያጣ፥ የቡና መፈልፈያው በለቀማ ወራት ተሰብሮበት ጠጋኝ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ሲጠብቅ፥ ከውጭ አገር ገዢ የመጣውን ጽሑፍ አንብቦ መልስ የሚሰጥለት ሰው ሲፈልግ፥ የትምህርት ጉዳይ ከራሱ ደጃፍ ላይ መድረሱን ያስተውላል። አንድ ወጣት ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ምን እንደሚማር፥ የትስ እንደሚማር የሚወሰነው ውሳኔ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የነጋዴው ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ ይታያልና።

ኢትዮጵያ በአሁኑ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንና የሙያ ሥልጠናዋን እንደ ገና በማስተካከል ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ጉዳዩ ለአስመጪው፥ ለላኪውና ለባለሱቁ ምን እንደሚያመለክት፥ ከእርሱስ ምን እንደሚጠበቅ መመርመር ተገቢ ነው። ለዚህም ምርመራ የካፋን አገር ምሳሌ አድርጎ መውሰድ ይጠቅማል። ምክንያቱም በዚያ አገር ሀብቱ በደጅ የሚታይ ሲሆን ሀብቱን ወደ ገንዘብ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙያ ግን ገና በሚገባ አልተስፋፋም።

የካፋ ሀብትና የሚጠይቀው ሙያ

ዋጫ በካፋ ዞን በጨና ወረዳ፥ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ቦንጋም ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን፥ በኅዳር ወር 2014 ዓ. ም. ለተመሠረተው ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም መቀመጫ ሆናለች። የንግድ ሥራ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የካፋ መንግሥት እስከ 1890 ዓ. ም. መባቻ ድረስ ራሱን ችሎ በኖረበት ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ቦንጋ እየወጡ ቡናውን፥ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይገዙ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

ዛሬም የካፋ ምድር ቡናን፥ ማርን፥ ሰምን፥ ኮረሪማንና ጥምዝን ለገበያ ያቀርባል፤ በውሽውሽ ያለው የሻይ ተክልም በአገሪቱ ውስጥ ከታወቁት አንዱ ነው። በጥላ ዛፍ ሥር በተፈጥሮ የሚበቅለው የካፋ የደን ቡና የታወቀ ስለ ሆነ፥ አካባቢው በ2002 ዓ. ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል።

ነገር ግን የቡና ዋጋ የሚወሰነው በዛፉ ላይ ሳለ ብቻ አይደለም። ታጥቦ ለሚዘጋጀው ቡና የተለቀመው ቀይ እሸት በዚያው ቀን መፈልፈል ይገባዋል፤ ቢያድር ግን መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ከተፈለፈለም በኋላ በገንዳ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት በልክ ካልሆነ፥ ከዚያም በማድረቂያ አልጋ ላይ እየተገላበጠ ካልደረቀ፥ ገበሬው የደከመበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ዋጋውን ያጣል። የደረቀ ቡና እርጥበት ከመቶው ከ12 እጅ ብዙ ሲያልፍ በመጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፥ ክብደቱም ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በጥርስ ነክሶና በእጅ ዳስሶ መገመት የቆየ ልማድ ነው። በመለኪያ መሣሪያ ለክቶ፥ በመዝገብ ጽፎ፥ ለገዢው በማስረጃ ማቅረብ ግን የተማረ ሙያተኛ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ አዲስ ግዴታ ተጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ. ም. ባወጣው ደንብ ቡናን ጨምሮ አንዳንድ የእርሻ ምርቶች ከ2020 እ. ኤ. አ. ማብቂያ ወዲህ ከተመነጠረ ደን ያልተገኙ መሆናቸው እንዲረጋገጥ፥ የተመረቱበትም ማሳ ያለበት ሥፍራ በሳተላይት ልኬት ተመዝግቦ እንዲቀርብ አዟል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢተላለፍም ሐሳቡ አልተተወም። እንግዲህ ከዋጫ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ከብዙ አነስተኛ ገበሬዎች እሸትና ጀንፈል የሚሰበስብ አቅራቢ፥ ከእርሱም የሚገዛው ላኪ፥ ማሳውን በስልክ ለክቶ መዝገቡን የሚያደራጅ ወጣት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሊኖረው ግድ አይደለም። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ጥሩ ሥልጠናና የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ ይበቃዋል።

ባለሱቁም ቢሆን ከዚህ የተለየ ችግር የለበትም። የግብር ሕግ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዘዋል፤ ባንክም ብድር ከመስጠቱ አስቀድሞ መዝገቡን ይጠይቃል። የማቀዝቀዣ፥ የሞተር ብስክሌት፥ የወፍጮና የፀሐይ ኀይል መሣሪያ ወደ ገጠር የሚያስገባ አስመጪም ዕቃው ሲበላሽ የሚጠግን ሰው በሥፍራው ከሌለ ገዢው በሁለተኛው ዓመት እንደማይመለስ ያውቃል።

የሙያ ትምህርት ታሪክ

በኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን የተናቀ ነበር። ቀጥቃጩ፥ ሸማኔውና ፋቂው ለአገር የሚያስፈልገውን ሁሉ እየሠሩ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ. ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያስረዳል።

ከጠላት ወረራ በኋላ የሙያ ትምህርት ቤቶች መቋቋም ጀመሩ። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ. ም.፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ደግሞ በ1935 ዓ. ም. ተከፈቱ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ. ም. ሲመሠረት ነጋዴው የሚፈልጋቸው ሒሳብ ያዦችና የጽሕፈት መኪና ጸሓፊዎች መፍለቂያ ይኸው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር። በጅማም በ1945 ዓ. ም. ገደማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የእርሻ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ። ከዚያም ወዲህ በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጋር የእንጨትና የብረት ሥራ፥ የንግድና የቤት አያያዝ ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ።

ይሁን እንጂ ቀድሞ የተሞከረው ትልቅ ማሻሻያ መጨረሻው አላማረም። በ1963ና በ1964 ዓ. ም. የተደረገው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፥ ብዙዎቹ ልጆች ለአጭር ዓመታት መሠረታዊ ትምህርት ከተማሩ በኋላ ወደ ተግባራዊ ሥራ እንዲሄዱ የሚል ሐሳብ አቀረበ። መምህራንና ወላጆች ግን የድኻው ልጅ ወደ ላይ እንዳይወጣ በር ሊዘጋበት ነው ብለው ተቃወሙት። በየካቲት ወር 1966 ዓ. ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው ጥናት ነበር፤ መንግሥትም ሐሳቡን ለመተው ተገደደ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ወላጅ የሙያውን መንገድ እንደ ቅጣት ከቆጠረው ምንም ዐይነት ዐዋጅ ልጁን በዚያ መንገድ በደስታ ሊያስሄደው አይችልም። ወላጁን የሚያሳምነው ደግሞ በሙያ ሠልጥኖ በጥሩ ደመወዝ የተቀጠረ፥ ወይም የራሱን ሥራ የከፈተ የጎረቤት ልጅ ነው። ያን ልጅ የሚቀጥረውም ነጋዴው ነው።

መንታው መንገድ

በሚያዝያ ወር 1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላዩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ ወሰነ። ተማሪው ዐሥራ ስድስት ዓመት በሚሆነው ጊዜ ብሔራዊ ፈተና ይፈተንና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፥ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይመደብ ነበር። በ1996 ዓ. ም. የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ዐዋጅ ቁጥር 391 ታወጀ። በ2000 ዓ. ም. በወጣው ስትራቴጂም ሥልጠናው በሙያ ደረጃ መስፈርት ላይ እንዲመሠረት፥ ሠልጣኙም ችሎታው በብቃት ምዘና ማእከል እንዲመዘን ተወሰነ። ዐዋጁ በ2008 ዓ. ም. በዐዋጅ ቁጥር 954 ተተካ።

ሥርዓቱ ብዙ ማሠልጠኛዎችን አስከፍቷል፤ ብዙ ወጣቶችንም አሠልጥኗል። ነገር ግን ከመነሻው አንድ ጉድለት ነበረበት። ወደ ሙያ የሚሄደው ተማሪ ሙያውን መርጦ ሳይሆን ከመሰናዶ ተርፎ ስለ ነበረ፥ የሙያ ማሠልጠኛ የወደቁ ልጆች መጠጊያ ተደርጎ ተቆጠረ። ወጣቱ ራሱ እንደዚህ ብሎ ካመነ፥ ቀጣሪውም እንደዚሁ ብሎ ካመነ፥ የምስክር ወረቀቱ ክብር ሊኖረው አይችልም።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ. ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ያለ መንታ መንገድ ወደ 11ኛ ክፍል ያልፋል፤ መንገዱ የሚለየውም በአብዛኛው በ12ኛ ክፍል ፈተና ሆነ። በ2015 ዓ. ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርቱን ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፥ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃ፥ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ መደበው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የቀለሙ ትምህርት ከሙያ ትምህርት ጋር ተያይዞ እንዲሄድ ታስቧል። ይህ ሐሳብ መልካም ነው፤ ወጣቱ ሙያን በውድቀት ምክንያት ሳይሆን ገና በትምህርት ገበታ ላይ ሳለ እንዲያውቀው ያደርገዋልና።

አኀዙ ምን ይላል

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታየው ውጤት ማንኛውንም ነጋዴ ሊያሳስብ ይገባል። በ2014 ዓ. ም. ትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፥ ይኸውም ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ. ም. ከመቶው 3.2፥ በ2016 ዓ. ም. ከመቶው 5.4 አለፉ። በ2017 ዓ. ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 ስላለፉ ቁጥሩ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ካላለፉትም መካከል የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

ይህን አኀዝ ነጋዴ በነጋዴ ዐይን ቢያየው፥ በ2017 ዓ. ም. ብቻ ከ536 ሺህ በላይ ወጣቶች ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የዩኒቨርሲቲውን በር በቀጥታ ሳያገኙ ቀሩ ማለት ነው። እነዚህ ወጣቶች ማንበብና መጻፍ፥ መደመርና ማባዛት ያውቃሉ፤ ብዙዎቹም ስልክና ኮምፒዩተር መጠቀም ይችላሉ። ስለዚህ በፈተና መውደቃቸው ለሥራ የማይበቁ መሆናቸውን አያሳይም። የጎደላቸው ሙያ ነው፤ ሙያም ከሁለት ቦታ ይገኛል፤ ከማሠልጠኛውና ከሥራው ቦታ።

በካፋም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቦንጋ የመምህራን ኮሌጅ አላት፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም በስሟ ተቋቁሞላታል። የዞኑ ሕዝብ በ1999 ዓ. ም. ቆጠራ 874,716 ነበር፤ ከእርሱም እጅግ የሚበልጠው በገጠር የሚኖር ነው። ከዚህ ሕዝብ የሚወጣው ወጣት ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ አይችልም፤ ሁሉም ወደ አዲስ አበባ ቢፈልስም ለአገሩ አይበጅም። በዋጫ፥ በሽሽንዳና በቦንጋ የሚያተርፍ ሙያ ቢያገኝ ግን በአገሩ ይቀመጣል፤ የነጋዴውም ገበያ ይሰፋል። ደመወዝ ያለው ወጣት ጫማና ልብስ፥ ቆርቆሮና ስልክ ገዢ ነውና።

የሠልጣኙና የነጋዴው ቅሬታ

የሙያ ሥልጠናው ሕግ ነጋዴውን አልዘነጋውም። የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር ከሥልጠናው ጊዜ 70 ከመቶው በሥራ ቦታ፥ 30 ከመቶው ደግሞ በማሠልጠኛው ውስጥ እንዲሆን ታስቧል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ማሠልጠኛው የቱንም ያህል ቢጥር የየዓመቱን አዲስ ማሽን ሊገዛ፥ የገበያውንም ጠባይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያስተምር አይችልም። እነዚህ የሚገኙት በነጋዴው መጋዘንና በባለፋብሪካው አዳራሽ ነው።

በተግባር ግን ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይወቃቀሳሉ። ነጋዴው፥ የሚላክልኝ ተማሪ ማሽን ነክቶ የማያውቅ ነው፤ ዕቃ ይሰብርብኛል፤ ደንበኛ ያስቀይምብኛል ይላል። ተማሪው በበኩሉ፥ ሙያ ልማር ሄጄ ጆንያ ስሸከምና ሻይ ስቀዳ ወራቱ አለቀ ይላል። ማሠልጠኛውም፥ በራፍ እያንኳኳን የሚቀበለን አጣን ይላል። ሦስቱም ንግግሮች እውነትነት አላቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነጋዴዎች በግልጽ የማይናገሩት አንድ ፍርሃት ነው። አንድ የቡና አቅራቢ አንዲት ወጣት ተቀብሎ እርጥበት መለካትን፥ ደረጃ መለየትንና መዝገብ መያዝን ስድስት ወር ሙሉ ቢያስተምራት፥ በሰባተኛው ወር ጎረቤቱ ጥቂት መቶ ብር ጨምሮ ሊወስድበት ይችላል። ድካሙ የእርሱ፥ ጥቅሙ የጎረቤቱ ይሆናል። ይህን የሚያስብ ነጋዴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳብ ዐዋቂ ነው። ነገር ግን ሁሉም ይህንኑ ሒሳብ ሲያሰሉ ማንም አያሠለጥንም፤ ማንም ካላሠለጠነ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ለሁሉም ይታጣል። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢያሠለጥን ይጎዳል፤ ዐሥር ነጋዴዎች ባንድነት ቢያሠለጥኑ ግን አንዱ ያጣውን ሠራተኛ ከሌላው ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንደዚህ ያለው ጉዳይ ነው። ስለዚህም የሙያ ሥልጠና ለአንድ ሱቅ የሚተው ሳይሆን የንግድ ምክር ቤት ሥራ ነው።

የሌላው አገር ልምድ

በዚህ ረገድ የጀርመን አገር ልምድ ለንግድ ምክር ቤቶች ልዩ ትርጉም አለው። በዚያ አገር ብዙ ወጣቶች ከዐሥራ ስድስት ዓመት ገደማ ጀምሮ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል የሚቆይ ውል ከቀጣሪ ጋር ይዋዋላሉ፤ በሳምንት ውስጥ የሚበልጡትን ቀኖች በሥራ ቦታ፥ የቀሩትን በሙያ ትምህርት ቤት ያሳልፋሉ፤ ቀጣሪውም በወሩ አበል ይከፍላቸዋል። ውሉን የሚመዘግበው፥ ቀጣሪው ለማሠልጠን ብቁ መሆኑን የሚመለከተው፥ በመጨረሻም ፈተናውን አዘጋጅቶ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት ወይም የእደ ጥበብ ምክር ቤት ነው። ይህም በ1969 እ. ኤ. አ. በወጣ ሕግ ጸንቷል። ወረቀቱን የሰጡት ነጋዴዎቹ ራሳቸው በመሆናቸው ሌላው ነጋዴ ሲያየው አይጠራጠርም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ2020 እ. ኤ. አ. ቲ ሌቭል የሚባል አዲስ የሙያ ትምህርት ከዐሥራ ስድስት ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ተጀምሯል፤ ተማሪውም ቢያንስ 315 ሰዓት በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ይገደዳል። በዚያም ከታዩት ችግሮች ዋነኛው ተማሪዎቹን የሚቀበሉ በቂ ቀጣሪዎች ማግኘት ነው። ከዚህ እንደሚታየው ሀብታሙም አገር ቢሆን ያለ ቀጣሪው ፈቃድ ማሻሻያውን ሊፈጽም አልቻለም።

ኢትዮጵያ የ2000 ዓ. ም. ስትራቴጂዋን ስታዘጋጅ የጀርመን ባለሙያዎች ድጋፍ ነበራት፤ የትብብር ሥልጠናው ሐሳብም ከዚያው ልምድ ጋር የተቀራረበ ነው። ነገር ግን ሐሳቡን መውሰድ ቀላል ሲሆን ሐሳቡን የተሸከመውን የነጋዴዎች ማኅበር ኀላፊነት ማስረጽ ጊዜ ይፈልጋል። በተጨማሪም በ2014 ዓ. ም. በተደረገው የመንግሥት አደረጃጀት መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በትምህርት ሚኒስቴር፥ የሙያ ሥልጠና በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ስለ ሆኑ፥ ወጣቱ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ያልፋል። በሁለቱ መካከል ድልድይ ሊሆን የሚችለው፥ ከሁለቱም ሠራተኛ የሚፈልገው ነጋዴ ነው።

ሕጉ ለተቀባዩ ነጋዴ የሚያዘው

ወጣት ሠልጣኝ ለመቀበል የሚያስብ ነጋዴ ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156፥ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 ዓመት ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላውን ደግሞ ወጣት ሠራተኛ ብሎ ይጠራዋል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው የሌሊት ጊዜ፥ በትርፍ ሰዓት፥ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዳይሰማራ፥ ለሕይወቱና ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራም እንዳይመደብ ታዟል።

ይኸው ዐዋጅ ስለ ሙያ መልመጃ ውልም ይናገራል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናው ዐይነትና ጊዜ፥ ለሠልጣኙ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በግልጽ ሊጻፉበት ይገባል። ሥልጠናው ሲያበቃም አሠሪው ሠልጣኙ የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ለነጋዴው ሸክም መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የተጻፈ ውል ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሠልጣኙ ተሸካሚ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ ነጋዴውም ባልተስማማበት ነገር እንዳይከሰስ ያደርጋልና።

በቅርቡ ሊሠራ የሚችለው

ትልቁ የመንግሥት ማሻሻያ እስኪፈጸም ድረስ በቦንጋና በዋጫ ያሉ ነጋዴዎች እጃቸውን አጣጥፈው መጠበቅ አይኖርባቸውም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ በየአካባቢው የንግድ ምክር ቤት በኩል ሊፈጸሙ የሚችሉ ሥራዎች አሉ።

አንደኛው የጊዜው ነገር ነው። የካፋ ቡና የሚለቀመውና የሚዘጋጀው በአብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት ሲሆን፥ የትምህርቱ ዓመትም የሚጀምረው በመስከረም ነው። እንግዲህ የቡና ዝግጅትን ሙያ የሚማር ሠልጣኝ በእነዚህ ወራት በክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ ማጠቢያው ጸጥ ባለበት በሚያዝያ ወር ለልምምድ ቢላክ ምን ሊማር ይችላል? ነጋዴዎቹ ከማሠልጠኛው አስተዳደር ጋር ተመካክረው የሥራ ላይ ሥልጠናው ከለቀማው ወራት ጋር እንዲገጥም ቢያስደርጉ ሠልጣኙ ሙያውን ያገኛል፤ ነጋዴውም ሰው በሚቸግርበት ጊዜ ረዳት ያገኛል።

ሁለተኛው የቁጥሩ ነገር ነው። ለአንድ ነጋዴ ዐሥር ሠልጣኝ መቀበል ያስቸግረዋል፤ አንድ ሠልጣኝ መቀበል ግን ለባለሱቁም ቢሆን ይቻላል። አባላት እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ወንድ ወይም አንዲት ሴት ልጅ ለመቀበል በምክር ቤታቸው ፊት ቢስማሙና ስማቸው በመዝገብ ቢጻፍ፥ ማሠልጠኛው በየበራፉ መንከራተቱ ይቀራል። በዚሁ ስምምነት ውስጥ አንዱ አባል የሌላውን ሠልጣኝ የመልመጃው ውል ሳያልቅ እንዳይወስድ ቢወሰን ከላይ የተነገረው ፍርሃት ይቀንሳል። ውሉ ካለቀ በኋላ ግን ወጣቱ ወደ ፈለገበት የመሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ሦስተኛው የአስተማሪው ነገር ነው። በቦንጋ ሠላሳ ዓመት ቡና የለየ፥ ሚዛን የያዘ፥ የማር ጥራት በቅምሻ የሚያውቅ ሽማግሌ ነጋዴ ሞልቷል። እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች በዓመት ለጥቂት ቀን ወደ ማሠልጠኛው እየጋበዙ እንዲያስተምሩ ማድረግ፥ በብቃት ምዘናውም ላይ ከመዛኞቹ ጋር እንዲቀመጡ መጠየቅ ለምስክር ወረቀቱ ክብር ይጨምራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ በአገር ውስጥ ያለውን ዕውቀት ንቆ ባለሙያን ከሩቅ መጥራት የተለመደ ስሕተት ነው።

አራተኛው የደመወዙ ነገር ነው። ነጋዴ ሠራተኛ ሲቀጥር የብቃት ምስክር ወረቀት ላለው ከሌለው አብልጦ ቢከፍል፥ ልዩነቱ ትንሽ እንኳ ቢሆን ወሬው በዋጫ ገበያ በአንድ ሳምንት ይዳረሳል። ወላጆችም ልጆቻቸውን በዚያው ሚዛን ይመክራሉ። በ1966 ዓ. ም. ጥናትና ስብሰባ ሊያሳምናቸው ያልቻለውን ወላጆች የወር ደመወዝ ሊያሳምናቸው ይችላል።

እነዚህ አራት ነገሮች የሚኒስቴር ትእዛዝ ወይም የውጭ አገር ብድር አይጠብቁም። አንድ የምክር ቤት ስብሰባ፥ አንድ መዝገብና ጥቂት የተፈረሙ ውሎች ይበቋቸዋል። የሚቀጥለው የለቀማ ወራት ከመድረሱ በፊት ከማሠልጠኛው ጋር የተነጋገረ ነጋዴ በዚያው ዓመት ሠልጣኝ ሊያገኝ ይችላል። ሳይነጋገር የቀረው ግን መፈልፈያው ሲሰበር እንደ ቀድሞው ከሩቅ ጠጋኝ ያስጠራል፤ በዚያው ሰዓት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የመንደሩ ልጆች በሱቁ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የመኪናውን መምጣት ይመለከታሉ።